አራተኛው ቁጥር፦ ስለ ኮሌጅ ጎልፍ ጥያቄና መልስ

ሰላም ቤተሰብ። አሜሪካ ውስጥ ሁለተኛ ዲቪዚዮን (ከሦስቱ የኮሌጅ ስፖርት ደረጃዎች መካከለኛው) በሚጫወት አንድ አነስተኛ ኮሌጅ የወንዶች ጎልፍ ቡድን ረዳት አሰልጣኝ ነኝ። ስገባ ቡድኑ በየውድድሩ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነበር። ጥያቄያችሁ ስለበዛ የምችለውን እዚሁ ልመልስ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።

ጥያቄ፦ ጎልፍ የግል ጨዋታ አይደለም እንዴ? ቡድንነቱ ምኑ ላይ ነው?

በጎልፍ 18ቱን ቀዳዳ ባነሰ ምት የጨረሰ ነው የሚያሸንፈው፤ ያ አንድ ዙር ነው። በቡድን ሲሆን አምስት ልጆች ይሰለፋሉ። በየዙሩ የአራቱ ዝቅተኛ ውጤት ይደመራል፣ የአምስተኛው ይጣላል። ኮከብህ 68 መትቶ አራተኛህ 83 ይዞ ከመጣ፣ ያ ትርፍ ውሃ በላው ማለት ነው። እኛ ጋ የነበረው ችግር ይኸው ነው። ዋናው አሰልጣኝ አዲስ ሲመጣ ሰዉ ሁሉ «አንድ ጎበዝ ልጅ አምጣልን» ይለው ነበር። እሱ የአምናውን የውጤት ወረቀቶች ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በቀይ እስክሪብቶ አራተኛውን ቁጥር ብቻ እየከበበ ወረደ። 79፣ 82፣ 81፣ 84። «ሥራችን እነዚህ ናቸው» አለኝ።

ጥያቄ፦ እሺ፣ አራተኛውን ልጅ በምን ታሻሽሉታላችሁ? የኳስ አመታቱን በመቀየር?

የኳስ አመታቱን አልነካንም። 83 የሚመታ ልጅ ቀኑን ሙሉ አይበላሽም፤ ሁለት ሦስት ቀዳዳ ላይ ነው የሚሰምጠው። ኳሱ ዛፍ ሥር ይገባል፣ በቅርንጫፎቹ መሀል ላሳልፈው ብሎ ይመታል፣ ኳሱ ግንድ ነክቶ ይመለሳል፣ በ4 ያልቅ የነበረው 7 ሆኖ ያርፋል። ስለዚህ ማክሰኞ ማክሰኞ ኳስ ዛፍ ሥር እየጣልን ወደ ጎን፣ ወደ ተከረከመው ሳር ማውጣት ብቻ እናለማምዳለን። አሰልቺ ነው። አንዱ ልጅ «ኮሌጅ የገባሁት ለዚህ ነው?» ብሎ ቦርሳውን ጥሎ ሄዶ ያውቃል።

ያው ልጅ በጸደይ ውድድር 18ኛው ቀዳዳ ላይ ኳሱ ጥድ ሥር ተወሸቀ። ረጅሙን ክለብ፣ ማለትም የመምቻ ዱላ፣ መዘዘ። ክፍተቱን ጎንበስ ብሎ አየ። መልሶ ከተተው፣ አጭሩን አወጣና ኳሱን ወደ ጎን ገፋው። በ5 ጨረሰ፣ ድምሩ 76። የዚያን ቀን አራተኛው ቁጥራችን እሱ ነበር። በኮሌጅ ውድድር አሰልጣኝ መሀል ላይ መምከር ይፈቀድለታል፤ እኔ ግን አጠገቡ ቆሜ ትንፍሽ አላልኩም። ከዚህ ሥራ የምወደው እንዲህ ያለውን ደቂቃ ነው።

ጥያቄ፦ ዋንጫ ሳያውቅ ኖሮ ላይ የደረሰ ቡድን አለ ወይስ ሁሌም የታወቁት ናቸው?

አለ፣ ኦሪገን ዩኒቨርሲቲ። ኬሲ ማርቲን በ2006 አሰልጣኝ ሲሆን ቡድኑ የወንዶች ብሔራዊ ዋንጫ አንስቶ አያውቅም ነበር። ማርቲን ቀኝ እግሩን የሚጎዳ የደም ዝውውር ሕመም ይዞት የተወለደ ሰው ነው። በእግር ከመሄድ በካርት፣ በትንሿ የሜዳ መኪና፣ ልጫወት ብሎ የባለሙያዎቹን ውድድር የሚያካሂደውን ፒጂኤ ቱርን ከስሶ፣ በ2001 ጠቅላይ ፍርድ ቤት 7 ለ 2 ፈርዶለታል። ዋንጫው በ2016 መጣ፣ ያውም በገዛ ከተማው በዩጂን። ከ2009 ወዲህ ስምንቱ ምርጥ ቡድኖች መጨረሻ ላይ ሰው ለሰው ይገጥማሉ፤ ከአምስቱ ጨዋታ ሦስት ያሸነፈ ያልፋል። በፍጻሜው ከቴክሳስ ጋር 2 ለ 2 ሆኑ። የዚያን ዓመት የግል ሻምፒዮን አሮን ዋይዝ የኦሪገን ልጅ ነበር፤ ዋንጫውን በመጨረሻ የቆረጠው ግን የዩጂኑ ልጅ ሱልማን ራዛ ነው፣ በሦስተኛው ተጨማሪ ቀዳዳ። ኮከብ ብቻ ፈልጉ ለሚሉን ሁሉ ይህን ነው የምነግራቸው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ልጄ 15 ዓመቱ ነው። ስኮላርሺፕ ያገኛል?

እህቴ፣ ሙሉ ስኮላርሺፕ አትጠብቂ። በወንዶች ጎልፍ አንደኛ ዲቪዚዮን ለረጅም ዘመን የነበረው ለመላው ቡድን 4.5 ሙሉ ስኮላርሺፕ ብቻ ነበር፣ እኛ ጋ ደግሞ 3.6፤ ያ ለስምንት ለዘጠኝ ልጅ ይቆራረሳል። ከ2025 ጀምሮ በአንደኛ ዲቪዚዮን በፍርድ ቤት የጸደቀውን አዲሱን የኮሌጅ ስፖርት ስምምነት የተቀበሉ ትምህርት ቤቶች ላይ ገደቡ ተነስቷል፤ በምትኩ የቡድኑ ብዛት ከ9 አይበልጥም፣ ቦታው ጠቧል። ሦስተኛ ዲቪዚዮን በስፖርት ስም ምንም አይሰጥም፣ በትምህርት ውጤት ግን ይረዳል። ስለዚህ ከጎልፉ በፊት የትምህርት ውጤቱ።

የአንደኛ ዲቪዚዮን አሰልጣኞች ልጁን በቀጥታ ማነጋገር የሚችሉት 10ኛ ክፍል ከጨረሰ በኋላ ከጁን 15 ጀምሮ ነው፤ እሱ ግን ቀድሞ ይጻፍላቸው። የልምምድ ሜዳ ቪዲዮ ሳይሆን የውድድር ውጤቱን ይላክ፣ መጥፎውንም ጨምሮ። እኔ መጀመሪያ የማየው መጥፎ ቀኑን ነው።

ጥያቄ፦ ትምህርቱን አይጎዳውም?

ደንቡ በውድድር ወቅት በሳምንት 20 ሰዓት ይላል። የውድድር ቀን ግን እንደ 3 ሰዓት ብቻ ይቆጠራል፣ ልጁ ቦርሳውን ተሸክሞ 36 ቀዳዳ ከንጋት እስከ ማታ ቢጫወትም። አዎ፣ ይከብዳል። የቤት ሥራ በመኪና ውስጥ ይሠራል።

ጥያቄ፦ አዲስ አሰልጣኝ ሲመጣ ነባሮቹን ማባረር አለበት?

እኔ አልስማማም። ቦታው በሜዳ ላይ ይለይ፤ ከጉዞ በፊት ሁሉም ተጫውተው አምስቱ ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ አምበላችን ራሱ ቀረ። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ የጓደኞቹን ቦርሳ ሲጭን አየሁት። ያን ልጅ አባርሬ ማንን ላመጣ ነው?

ጥያቄ፦ አሁንስ የት ደረሳችሁ?

ባለፈው ውድድር ከ14 ቡድን 6ኛ ወጣን። አራተኛው ቁጥራችን 76፣ 77፣ 75። አሰልጣኙ ቀዩን እስክሪብቶ ገና አላስቀመጠውም።