ከሚገኘው ገንዘብ አሥር በመቶ ልውሰድ?

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ በአንድ የውጭ ድርጅት ውስጥ ለዘጠኝ ዓመታት በፕሮጀክት ኦፊሰርነት ከሠራሁ በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ እርዳታ ሲቋረጥ ፕሮጀክታችን ተዘግቶ ከሥራ ወጣሁ። አሁን ሳቢያን አካባቢ ወላጅ አልባ ሕፃናትን የሚደግፍ አንድ አነስተኛ ማኅበር ፕሮፖዛል እንድጽፍለት ጠይቆኛል። በቅድሚያ የሚከፍለኝ ስለሌለው ከሚገኘው ገንዘብ አሥር በመቶውን ሊሰጠኝ ነው። ልቀበል? ለድርጅቶች ገቢ በማሰባሰብ የማማከር ሥራስ እንደ ሙያ ያኖራል?
ሀ. ከድሬዳዋ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አሥር በመቶውን አይቀበሉ። እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ የተመሠረተው የገቢ ማሰባሰብ ባለሙያዎች ማኅበር እንኳ በሥነ ምግባር ደንቡ አባላቱ ከተሰበሰበው ገንዘብ በመቶኛ እየተሰላ እንዳይከፈላቸው ይከለክላል። እርስዎ የዚያ ማኅበር አባል ባይሆኑም ክልከላው ያለ ምክንያት አልመጣም።

ገንዘቡ ከየት እንደሚወጣ እናስላው። ማኅበሩ ሁለት ሚሊዮን ብር ቢያገኝ የእርስዎ ድርሻ 200,000 ብር ነው። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የአንድ ድርጅት የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ ስለሌለበት፣ ከዚህ ገንዘብ ለአስተዳደር የሚውለው ቢበዛ 400,000 ብር ነው፤ ግማሹን እርስዎ ከወሰዱ የሒሳብ ሠራተኛው፣ የጥበቃውና የቤት ኪራዩ በቀሪው ሊሸፈኑ ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ አብዛኞቹ ለጋሾች የድጋፍ ውሉ ከመፈረሙ በፊት የወጣን ወጪ አይሸፍኑም፤ ስለዚህ ማኅበሩ ክፍያዎን «ሥልጠና» ወይም «የመስክ ጉብኝት» በሚል ስም በበጀቱ ውስጥ ለመደበቅ ይገደዳል። ኦዲተር የሚያገኘው ይህንኑ ነው፤ ያን ጊዜ የሚጠፋው የማኅበሩ ስም ብቻ ሳይሆን የእርስዎም ነው።

በምትኩ ክፍያዎን በሥራ ቀን ያስሉ፤ ግማሹን ውል ሲፈራረሙ፣ ግማሹን ሰነዱ ሲገባ ይቀበሉ፤ ለጋሹ እሺ አለም እምቢ አለ ክፍያው አይለወጥም። ማኅበሩ ይህን አልችልም ካለ ዋጋውን ከመቀነስ ሥራውን ቢያሳንሱት ይሻላል። እንዲያውም ማኅበሩን ይበልጥ የሚጠቅመው ትንሹ ሥራ፣ ማለትም ሰነዱን ማደራጀቱ፣ ይመስለኛል።

ይህንን የምለው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። ከዓመታት በፊት ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ለሚገኝ አንድ የሴቶች ማኅበር ፕሮፖዛል ልጽፍ ሄጄ የሦስት ዓመት የሒሳብ ማስረጃ ብጠይቅ፣ በሁለት ፌስታል የታጨቀ ደረሰኝ አመጡልኝ። ከካሽ ሬጅስተር የወጡት አብዛኞቹ ጽሑፋቸው ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ሆነዋል። ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብለን ደረሰኙን ከቃለ ጉባኤውና ከባንክ ስቴትመንቱ ጋር ስናገናኝ ሁለት ሳምንት ፈጀብን፤ ፕሮፖዛሉን ለመጻፍ ግን አራት ቀን በቃኝ። ያ ዓይነቱ ወረቀት ሙቀት አይወድም፤ በድሬዳዋ ፀሐይማ ጨርሶ አይበረክትም፤ ስለዚህ ደረሰኝ በገባ ቀን ፎቶ ኮፒ ተደርጎ ከዋናው ጋር እንዲያያዝ ያስለምዷቸው። ለጋሽ የፕሮፖዛል ጥሪ ሲያወጣ የምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ የኦዲት ሪፖርትና የቦርድ ቃለ ጉባኤ በአንድ ፋይል ተሰናድቶ የሚገኝበት ማኅበር ከግማሽ በላይ መንገድ ሄዷል።

ያኖራል ወይ ላሉኝ፣ ያኖራል፤ ነገር ግን ገቢው ወጥ አይደለም። ጥሪዎች ባንድ ጊዜ ይደራረባሉ፤ ከዚያ ለወራት ጭር ይላል፤ መልሱም ቢሆን ቶሎ አይመጣም። የመጀመሪያውን ዓመት ሌላ የገቢ ምንጭ ይዘው ቢጀምሩ ይመረጣል። ቲን ቁጥርና የአማካሪነት ንግድ ፈቃድ ያውጡ፤ ያለ ደረሰኝ የሚከፈል አማካሪ ለድርጅቱ ሌላ የኦዲት ጣጣ ነውና። ለዘጠኝ ዓመታት ለለጋሽ ሪፖርት የጻፉ እንደመሆንዎ፣ ገንዘቡን የሚሰጠው ወገን ምን እንደሚያሳስበው ከብዙ ጀማሪዎች በተሻለ ያውቃሉ።

የውጭውን በር ብቻ እንዳያንኳኩ ደግሞ አደራ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ጎርፍ ያደረሰውን ጉዳት የሚያስታውስ የድሬዳዋ ሰው፣ ለጎረቤት እጅ መዘርጋት ምን እንደሆነ አይጠፋውም። የከፊራ ነጋዴ፣ እድሩ፣ እንደ እድር ያለው የሐረሩ መረዳጃ አፎቻ፣ ውጭ አገር ያለው የከተማው ልጅ በየወሩ ጥቂት ቢያዋጡ፣ ገንዘቡ በማን ስም ምን ላይ እንደዋለ በየሦስት ወሩ በአንድ ገጽ ማስታወቅ ያስፈልጋል፤ ያንን ገጽ ማዘጋጀትም የሚከፈልበት ሥራ ነው። ለሳቢያኑ ማኅበር በመጀመሪያ ይህንንና ፋይሉን ማደራጀቱን በአሥር የሥራ ቀን ዋጋ ያቅርቡለት፤ ፕሮፖዛሉ በሌላ ውል ይደርሳል።