የአያትህን መጥረቢያ ግራይንደር አታስነካው
ወንድሜ፣ የአያትህ መጥረቢያና መላጊያ ዕቃ ቤት ውስጥ ዝገው እንዳገኘሃቸውና መልካቸው ሳይጠፋ ማጽዳት እንደምትፈልግ ጽፈሃል። እዚሁ ባሕር ዳር በእንጨት ሥራ የኖርኩ ሰው ነኝና ያየሁትን ልንገርህ።

እኔ የአባቴን መጥረቢያ ቸኩዬ ግራይንደር ላይ አደረግኩት። በአምስት ደቂቃ አብለጨለጨ። ጉንጩ፣ ማለትም የብረቱ ጎን ላይ ግን አባቴ በሞረድ ጫፍ የጫራት ትንሽ መስቀል ነበረች፤ እሷም አብራ ሄደች። አፉም ግሎ ሰማያዊ ሆነ፤ ጥንካሬው ለቀቀ፤ ከዚያ ወዲህ ስለት አልያዘም። ዛሬም ሳነሳው አውራ ጣቴ ያቺን መስቀል ይፈልጋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቀዩን ዝገት ከጥቁሩ ለይ። ብረቱን የሚበላው ቀዩ፣ ሲነኩት ዱቄት የሚያራግፈው ነው። ጥቁሩን ተወው፤ የመሣሪያው ዕድሜ ያለው እሱ ላይ ነው። ላምባ ቀብተህ አሳድረውና በማግሥቱ ቀዩን በመዳብ ፋቀው። እኔ የምፍቀው 1936 ዓ.ም. በሚለው የጃንሆይ ሳንቲም ነው፤ መዳብ ከአረብ ብረት ስለሚለሰልስ አይቧጭርም።

አቼቶ የሚመክርህ አይጠፋም። ዝገቱን ያወጣል፤ ግን ጥቁሩንም ገፎ ብረቱን አመድማ ያደርገዋል። እኔ የምመርጠው መቀቀል ነው። የመላጊያውን ስለት ከእንጨቱ አውጣ፣ የላላውን ዝገት ፋቅ፣ ከዚያ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል አፍላው። የቀረው ቀይ ወደ ጥቁር ይለወጣል። ጠብመንጃ ሠሪዎችም ብረት ያጠቁሩ የነበረው በዚህ መንገድ ነው። የፈላ ውኃ ሙቀት የስለቱን ጥንካሬ አይነካውም። እንዳወጣኸው ትኩሱን ጠርገህ ዘይት ቀባው።

የመጥረቢያው ዛቢያ ወይራ ከሆነ ብርጭቆ ወረቀት አታሳየው፤ ያለሰለሰው የአያትህ መዳፍ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው፣ ሲደርቅ የተልባ ዘይት በስሱ ቀባው። የቀባህበትን ጨርቅ ጠቅልለህ አታስቀምጥ፤ ራሱን አሙቆ ሊነድ ይችላል፤ ዘርግተህ አድርቀው።

ብረታችን ሲዝግ ሰው ጣናን ያማል። ጣና ጨው የለውም። የሚጎዳን የክረምቱ እርጥበትና ዕቃ የምናጋድምበት የሲሚንቶ ወለል ነው። በፌስታል አትጠቅልላቸው፣ እርጥበት ያፍናል። ስስ የሞተር ዘይት ቀብተህ ግድግዳ ላይ ስቀላቸው፤ ሐምሌ ላይ ድገመው። የኑግ ዘይት ሲቆይ እንደ ሙጫ ስለሚጣበቅ ለስለት አይሆንም።

ምንም ሳትጀምር ግን ጉንጮቹን በቀን ብርሃን አገላብጠህ እይ። ጭረት ወይም ምልክት ካገኘህ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ላክልን፤ በዚያ በኩል እንዴት እንደምትፍቅ አብረን እናያለን።