ታሞክሲፈኑን ላቋርጥ ወይ? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ጠባብ ጡት መያዣ ካንሰር ያመጣል ወይ ብለሽ ከደብረ ሲና ለጠየቅሽን፦ አያመጣም።

አንዲት እናት ከመሐል ሜዳ ጽፈውልናል። በካንሰር ምክንያት ጡታቸው ተቆርጦ ወጥቷል፤ ታሞክሲፈን የተባለው የጡት ካንሰር ክኒን በቀን 20 ሚሊ ግራም ለ5 ዓመት ታዞላቸዋል። «እብጠቱ ከወጣ ወዲያ ምን ይሠራልኛል? ሰውነቴን እሳት እሳት ይለኛል፤ ልተወው?» ይላሉ።

እናቴ፣ እባክዎ አይተዉት። ቀዶ ሕክምና የሚያወጣው የሚታየውን ነው። የማይታዩ ጥቂት ሴሎች አጥንት ወይም ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ሊቆዩ ይችላሉ። ታሞክሲፈን የታዘዘልዎ በካንሰሩ ሴሎች ውስጥ የኢስትሮጅን ተቀባይ፣ ማለትም ኢስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን የሚያርፍበት ፕሮቲን፣ ስለተገኘ ነው። ኢስትሮጅን ተቀባዩን ሲይዝ ሁለቱ ዲኤንኤው ላይ ያርፋሉ፤ አጋዥ ፕሮቲኖች ይሰበሰባሉ፤ ሴሉን የሚያባዙ ጂኖች ይከፈታሉ። ታሞክሲፈን ያንኑ ቦታ ይዞ የተቀባዩን ቅርጽ ይለውጣል። ያኔ በአጋዦቹ ፈንታ አፋኝ ፕሮቲኖች ይመጣሉ፤ ዲኤንኤው ጥብቅ ብሎ ይጠቀለልና ጂኖቹ ይዘጋሉ። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቦታውን ኢስትሮጅን መልሶ ይይዘዋል። የወር አበባ ቢቆምም ከሰውነት ስብ መመረቱ አይቀርም።

አፈናው አንዳንዴ ይሸነፋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ታሞክሲፈን የያዘው ተቀባይ ሄር 2 የተባለውን የዕድገት ጂን የሚዘጋው ፓክስ 2 በሚባል ፕሮቲን እየታገዘ ነው። ተቀናቃኙ ኤአይቢ 1 ቦታውን ከነጠቀ ጂኑ ይከፈታል፤ ካንሰሩም መድኃኒቱን ይቋቋማል። ክትትል የማይቀረው ለዚህ ነው።

ሙቀቱን ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ የሚያስታግስ አለ። ፍሉኦክሴቲን ወይም ፓሮክሴቲን የተባሉትን የድባቴ መድኃኒቶች ግን ሐኪምዎ ሳያውቅ አይጀምሩ፤ ጉበት ታሞክሲፈንን ወደሚሠራው መልኩ እንዳይለውጥ ያግዳሉ። አንድ እግር ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ከማህፀን ደም ከፈሰሰ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። ቀጠሮ አይጠብቁ።

ከአጣዬ የእህቱን ነገር የጻፈልን ወንድም፦ ከጡቷ የተወሰደው ናሙና አልኮል ውስጥ አድሮ አዲስ አበባ ተልኳል፤ ውጤቱ «የኢስትሮጅን ተቀባይ የለውም» ብሏል። ይታመናል?

እንዲህ ባለ ውጤት ብቻ ሕክምና አይወሰን። ናሙናው በተወሰደ በ1 ሰዓት ውስጥ ናሙና እንዳይበላሽ የሚጠብቀው ፈሳሽ፣ 10 በመቶ የተመጣጠነ ፎርማሊን፣ ውስጥ መግባት አለበት። ፎርማሊኑ የናሙናውን መጠን 10 እጥፍ ይሁን፤ ናሙናው ከ6 እስከ 72 ሰዓት ይቆይበት፤ የገባበት ሰዓት ዕቃው ላይ ይጻፍ። ትልቅ እብጠት ካልተሰነጠቀ ፎርማሊኑ መሐሉ ሳይደርስ እብጠቱ ይበላሻል። የደረቀ ወይም አልኮል ውስጥ የቆየ ናሙና ተቀባይ እያለው «የለውም» ሊባል ይችላል። በምርመራው ተቀባዩን የሚያሳይ ቀለም ይጨመራል፤ ከካንሰሩ ሴሎች 1 በመቶው እንኳ ቀለሙን ከያዘ ተቀባይ አለው ይባላል። ናሙናውን የመረመረውን ሐኪም (ፓቶሎጂስቱን) አንድ ነገር ጠይቅ፦ እዚያው የመመርመሪያ መስታወት (ስላይድ) ላይ ያለው ጤነኛ የጡት ቱቦ ቀለም ይዟል? ካልያዘ ምርመራው ከሽፏል፤ ይደገም። እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም፤ እህትህ ለዓመታት የምትወስደው መድኃኒት የሚወሰነው በዚህች ወረቀት ነው።

ወንድ የጡት ካንሰር ይይዘዋል? አዎ፣ አልፎ አልፎ። አብዛኛውም የኢስትሮጅን ተቀባይ ያለው ነው።

ሸንኮራ ዮሐንስ ሁለት ሱባኤ ሊይዙ የተነሡት እናት ደግሞ የታሞክሲፈን ክኒኑ ከጸበሉና ከጾሙ ጋር ይጋጭ እንደሆነ ጠይቀዋል። አይጋጭም። ከምግብ ጋርም ያለምግብም ስለሚወሰድ ማታ ማታ ይዋጡት። ለሁለቱም ሱባኤ የሚበቃ ይዘው ይሂዱ፤ አንድ ቀን ቢረሱ በማግስቱ ሁለት አይዋጡ።