መልስ፦ አንደኛ መውጣትና ብዙ ሰው ጋር መድረስ ይለያያሉ
ወንድሜ፣ ጸረ አይሁድ ገጽ ጉግል ላይ አንደኛ ከወጣ ብዙ ሰው እያነበበው ነው ወይ ብለሃል። የግድ አይደለም። ደረጃው ቃሉን ስንት ሰው እንደፈለገ፣ ስንቱም ገጹን እንደከፈተ አይነግርህም።

በ2004 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ «ጁ» (አይሁዳዊ) ብሎ ጉግል ላይ ለሚፈልግ፣ ጁ ዋች የተባለ የጥላቻ ገጽ ከላይ ይመጣ ነበር። «ጁዳይዝም» (የአይሁድ እምነት) ላለ ግን ውጤቱ ሌላ ነበር። የአንድ ቃል ልዩነት! በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ «ሆሎኮስት (ናዚዎች በአይሁዶች ላይ የፈጸሙት ጭፍጨፋ) በእርግጥ ተፈጽሟል?» ብሎ ለጠየቀ የነጭ የበላይነት አራማጆች ገጽ ይቀድም ነበር። እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው። ጠያቂው እኮ የቤት ሥራ የሚሠራ ልጅ ሊሆን ይችላል።

መለካት ከፈለግክ ብዙ ቃላት ያዝ፤ በተለያየ ቀን እየፈለግክ መዝግብ። እኔ ከሐዋሳ፣ አንተ ከአዳማ ያንኑ ቃል ብንፈልግ እንኳ ቅደም ተከተሉ ሊለያይ ይችላል። በአማርኛም ሞክረው፤ ከፈለግክ የሐዋሳውን እኔ እመዘግብልሃለሁ።