መልስ፦ የሚሸነፍ ቡድን መቺ እንዴት ይግዛ?

«ተደጋግሞ የሚሸነፍ የቤዝቦል ቡድን ውላቸውን ከጨረሱ መቺዎች ውዱን ያስፈርም ወይስ ርካሹን?» ብለው ለጠየቁን፣ መልሱ የሚወሰነው ቡድኑ ለዋንጫ ለመፎካከር ስንት ዓመት እንደቀረው ነው።

ዋሽንግተን ናሽናልስ በ2022 107 ጨዋታዎችን ከተሸነፈ በኋላ፣ የዲትሮይት ክለብ ያሰናበተውን መቺ ጄይመር ካንደላሪዮን በ5 ሚሊዮን ዶላር ለአንድ ዓመት ብቻ አስፈረመ። የመምታት አማካዩ (ከመምታት ሙከራዎቹ መትቶ ቤዝ የደረሰባቸው ድርሻ) በዚያ ዓመት ወደ 0.217 ወርዶ ነበር፤ ሆኖም በ2021 42 ደብል (መቺውን ሁለተኛው ቤዝ የሚያደርስ ምት) የመታ ሰው በመሆኑ ችሎታው ጨርሶ እንዳልጠፋ መገመት ይቻል ነበር። በ2023 16 ሆም ረን (መቺው ቤዞቹን ሁሉ ዞሮ ነጥብ የሚያስቆጥርበት ምት) ከመታላቸው በኋላ፣ የዝውውሩ ጊዜ ሊዘጋ ሲል ለቺካጎ ከብስ ሰጡት፤ በምትኩ ካገኟቸው ወጣቶች አንዱ የሆነው ግራኝ ወርዋሪ ዲጄ ኸርዝ በ2024 ለዋናው ቡድን ተሰልፏል። በተመሳሳይ ስሌት የመጣው ጆይ ጋሎ ግን አማካዩ 0.161 ብቻ ሆኖ ሄደ፤ ደግነቱ ኪሳራው የአንድ ዓመት ክፍያ ነበር።

ረጅም ውል የሚያዋጣው ወጣቶቹ ሊደርሱ ሲሉ ነው። ይኸው ክለብ በ2010 መጨረሻ ለመቺው ጄሰን ወርዝ የ7 ዓመት፣ የ126 ሚሊዮን ዶላር ውል ሲሰጥ ብዙዎች ተሳልቀው ነበር (የመጀመሪያ ዓመት አማካዩ 0.232 መሆኑም አልረዳውም)። ነገር ግን ወጣቶቹ ወርዋሪው ስትራስበርግና መቺው ሃርፐር ከኋላ እየመጡ ነበርና በ2012 ቡድኑ 98 ጨዋታዎችን አሸነፈ፤ ወርዝም በጥሎ ማለፉ ከካርዲናልስ ጋር ሲጫወቱ በአንድ የመምታት ተራ የተወረወረለትን 13ኛ ኳስ መትቶ በሆም ረን ጨዋታውን ዘጋው።

በተጨማሪም የቀድሞ ክለቡ ያቀረበለትን ኳሊፋይንግ ኦፈር (በተወሰነ ደመወዝ ለአንድ ዓመት የመቆየት ጥያቄ) ያልተቀበለን መቺ ማስፈረም የድራፍት ተራ (አዳዲስ ወጣቶችን የመምረጥ ዕድል) ያስከፍላልና፣ ገና እየተገነባ ላለ ቡድን ይህ ከደመወዙ ይልቅ ይከብዳል።