«ስለ አማርኛ ማን ይሰማኛል?» ላሉት ባልደረባችን፦ በአበልጻጊዎች ኮንፈረንስ ስለ ሎካላይዜሽን መናገር

ጠያቂያችን ያቀረቡት ጉዳይ ባጭሩ ይህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በሶፍትዌር ሥራ አምስት ዓመት አሳልፈዋል፤ ሶፍትዌርን ለልዩ ልዩ አገሮች ተጠቃሚዎች ስለ ማመቻቸት (ሎካላይዜሽን ስለሚባለው ሥራ) በውጭ አገር ኮንፈረንሶች ላይ ለመናገር ሁለት ጊዜ ሐሳብ አስገብተው ሁለቱም ጊዜ አልተቀበሏቸውም፤ ስለዚህ «ስለ አማርኛ ማን ይሰማኛል? ርእሱን ልቀይረው ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። እኔ ሥራውን የጀመርሁት አገር ቤት ነው፤ አሁን ጀርመን አገር እየሠራሁ በዚሁ ጉዳይ ላይ በትናንሽ ስብሰባዎችና በጥቂት ትልልቅ ኮንፈረንሶች ተናግሬአለሁ። ሁለት ጊዜም ከገምጋሚዎች ወገን ተቀምጬ የሌሎችን ሐሳብ አንብቤአለሁ፤ የምመልስልዎም ይበልጡን ከዚያ ወንበር ባየሁት ላይ ተመሥርቼ ነው።

ርእሱን አይቀይሩት። የሚቀየረው አገባቡ ነው። እዚህ የለጠፉልን የንግግርዎ መግለጫ «ኢንተርናሽናላይዜሽን ምንድን ነው፣ ለምንስ ያስፈልጋል?» ብሎ ይጀምርና፣ ቃሉ «አይ 18 ኤን» (i18n) ተብሎ የሚያጥረው በእንግሊዝኛው አጻጻፍ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፊደል መካከል 18 ፊደላት ስላሉ መሆኑን ያስረዳል፤ ከዚያም ጽሑፍን ከኮድ መለየት፣ ቀንና ገንዘብን በየአገሩ ልማድ ማሳየት፣ ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፉ ቋንቋዎችን መደገፍ እያለ ይዘረዝራል፤ አማርኛ የሚመጣው በመጨረሻው መስመር «እንደ ምሳሌ» ተብሎ ነው። ገምጋሚው ይህን ዝርዝር ከሌሎች አሥር ሰዎችም ያገኘዋል፤ በየማኑዋሉም ተጽፎአል። ብዙ ጊዜ ስምዎ ተሸፍኖ ስለሚነበብ፣ ይህን ሥራ በእጁ የሠራ ሰው እንደ ጻፈው የሚያሳየው አንዳችም ምልክት የለም። እርስዎ ብቻ ሊናገሩት የሚችሉት ነገር ከታች ተቀብሮ ቀርቶአል።

እኔ ራሴ በመጀመሪያ ጊዜ ያስገባሁት ሐሳብ ከዚህ የተሻለ አልነበረም፤ እሱም ወደቀ። የተቀበሉኝ አንድ ስሕተታችንን ብቻ ይዤ በቀረብሁ ጊዜ ነው። አገር ቤት ሳለሁ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ለአንድ ክሊኒክ የቀጠሮ ማስታወሻ በአጭር መልእክት የሚልክ ሥርዓት ሠርተን ነበር። ትርጉሙን አማርኛ አሳምሮ የሚጽፍ ሰው አርሞልናል፤ ቀኑም በኢትዮጵያ አቆጣጠር በትክክል ይወጣል፤ ሰዓቱ ግን ከመረጃ ቋቱ እንደ ወረደ በቁጥር ይገባ ነበር። «ቀጠሮዎ ማክሰኞ 8:00 ሰዓት ነው» የሚል መልእክት የደረሳቸው አንዲት እናት ከምሳ በኋላ መጡ። ሐኪሙ የጠበቃቸው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ነበር። እኛ 8:00 ስንል የፈረንጁን ሰዓት ማለታችን ነው፤ እሳቸው ያነበቡት ግን አማርኛ ነው፣ በአማርኛ ደግሞ 8 ሰዓት ማለት ከቀትር በኋላ ነው። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ ክሊኒኩ ግን የወቀሰው እሳቸውን ነው።

ይህ ታሪክ ለኮንፈረንስ የሚበጅበት ምክንያት አሳዛኝነቱ አይደለም። አድማጩ ሳይመረምረው የሚኖርበትን እምነት ስለሚያፈርስበት ነው፤ እርሱም «ትርጉሙ ከታረመ፣ ላይብረሪውም (ተዘጋጅቶ የሚገኘው የኮድ ስብስብ) ቋንቋውን ካወቀ ሥራው አልቋል» የሚለው እምነት ነው። አብዛኛው ሶፍትዌር የየአገሩን ልማድ የሚቀዳበት የዩኒኮድ (የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር በቁጥር የሚመድበው መስፈርት) የመረጃ ስብስብ፣ ሲ.ኤል.ዲ.አር. የሚባለው፣ የኢትዮጵያን የቀን መቁጠሪያ ያውቃል፤ በማንኛውም ዘመናዊ አሳሽ ኮንሶል (ኮድ መሞከሪያ መስኮት) ውስጥ ካሌንደሩን «ኢትዮፒክ» ብለው በአንድ መስመር ቢጠይቁት ጳጉሜንን ሳይቀር ይሰጥዎታል። ከንጋት ጀምሮ የሚቆጠረውን፣ በ6 ሰዓት የሚለየውን ሰዓታችንን ግን አያሰላም፤ ያንን አበልጻጊው ራሱ መጻፍ አለበት። በሰዓት ሰቅ ይፈታ እንደሆነ የሚጠይቅ አድማጭ አይጠፋም። አይፈታም፤ የአዲስ አበባ ሰቅ ዓመቱን ሙሉ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ሰዓት ይቀድማል፣ በሰዓት ሰቆች መዝገብ ውስጥም ከናይሮቢ ጋር የተያያዘ ነው፤ የሚለየው ሰዓቱ ሳይሆን የሰዓቱ አጠራር ነው። እዚህ ላይ በስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት መሆኑን ሲጨምሩበት፣ ነገሩ የአንድ አገር እንግዳ ልማድ መሆኑ ይቀርና የምሥራቅ አፍሪካ ሰፊ ገበያ ጉዳይ ይሆናል። በአዳራሹ ያሉ የምርት ኃላፊዎች ማስታወሻ መያዝ የሚጀምሩት እዚህ ላይ ነው።

የመፍትሔው ክፍል ደግሞ ከራሱ ከችግሩ ይበልጥ ያዝናናል። በመረጃ ቋቱ ውስጥ ያለውን ሰዓት ምንም ሳንነካ፣ በሚታይበት ጊዜ ብቻ ቀይረን «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ብለን መጻፍ ጀመርን። በዚያው ሳምንት የመልእክት ወጪያችን በእጥፍ ጨመረ። ምክንያቱን ለማግኘት አንድ ቀን ፈጀብን፦ አንድ አጭር መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ነው፤ እንግሊዝኛ በ7 ቢት ስለሚጻፍ 160 ቁምፊ ይገባበታል፣ የግዕዝ ፊደል ግን በ16 ቢት ስለሚሄድ 70 ብቻ ይገባበታል፣ ከ70 ካለፈ ደግሞ መልእክቱ እያንዳንዳቸው 67 ቁምፊ በሚይዙ ክፍሎች ይቆረጣል። «ከጠዋቱ» የምትለዋ ቃል መልእክታችንን ከ70 አሳለፈችው። ስለዚህ ሰላምታውን አሳጠርን። ይህን ቅደም ተከተል ሳቀርብ አዳራሹ ሁልጊዜ ይስቃል፤ አንድ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ከንግግሩ በኋላ መጥቶ በአረብኛ ወይም በሂንዲ ተመሳሳይ ሒሳብ እንደ ደረሰበት ይነግረኛል።

እንግዲህ ለእርስዎ የምመክረው በሥራዎ ከደረሰብዎ አንድ ስሕተት ተነሥተው፣ አድማጩ በራሱ ኮድ ውስጥ ሄዶ እስከሚፈትሸው ነገር ድረስ መሄድ ነው። በጥያቄዎ ውስጥ እግረ መንገድዎን የጠቀሱት ገጠመኝ ለዚህ በቂ ነው፤ በሠራችሁት መተግበሪያ ላይ ሴት ተጠቃሚዎች ሁሉ «አስገባ»፣ «ምረጥ» እየተባሉ በወንድ አንቀጽ መታዘዛቸውን ጽፈዋል። ያ ነው ንግግርዎ። በአማርኛ ትእዛዝ ሲጻፍ አስገባ፣ አስገቢ፣ ያስገቡ ከሚሉት አንዱን መምረጥ ግድ ነው፤ እንግሊዝኛው ግን አንድ ቃል ብቻ ስለሚሰጥ ተርጓሚው ማንን እንደሚያናግር ሳያውቅ ይመርጣል። በቁልፎች ላይ «ያስገቡ» ብሎ በአክብሮት ማለፍ ይቻላል። «ሥዕልዎን ወደደው» ወይስ «ወደደችው» በሚለው ማሳወቂያ ላይ ግን የሦስተኛው ሰው ጾታ ካልታወቀ መውጫው ጠባብ ነው፤ ዐረፍተ ነገሩን እንደ ገና መገንባት፣ ወይም ጾታውን ለመልእክቱ እንደ ግብዓት ማቀበል ያስፈልጋል። ሩሲያኛና ፖላንድኛ ተናጋሪዎች በኃላፊ ጊዜ ግስ ላይ ይኸው ጣጣ አለባቸው፤ ዕብራይስጥና ዐረብኛ ተናጋሪዎችም እንዲሁ። እነዚህን ቋንቋዎች በአንድ ስላይድ ከአማርኛው ጎን ቢያሰልፏቸው፣ «ስለ አማርኛ ማን ይሰማኛል?» የሚለው ሥጋትዎ በዚያው ይረግፋል፤ ለግማሹ አድማጭ የሚናገሩት ስለ ራሱ ቋንቋ ነውና።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ አስጠነቅቅዎታለሁ። በውጭ መድረክ ላይ ስንቀርብ የአሥራ ሦስት ወር ጸጋን እያሳዩ ማስደነቅ በጣም ይቀላል፤ ጭብጨባም ያስገኛል። እኔም አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ፤ ከንግግሩ በኋላ የቀረቡልኝ ጥያቄዎች ስለ ቡናና ስለ ገና በዓል ነበሩ፣ ስለ ኮድ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የቀን መቁጠሪያውን የማነሣው በአንድ መልኩ ብቻ ነው፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 የተወለደ ልጅ፣ ወሩን ከ1 እስከ 12 ብቻ በሚቀበል ቅጽ ላይ እንዴት ይመዘገባል? ይህ ቀን በፈረንጁ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው፤ መዝጋቢዋም ወይ ትቀይረዋለች፣ ወይ በ12ኛው ወር ላይ ትጽፈዋለች። አሁን የተነጋገርነው ስለ ቅጽ ማረጋገጫ ነው፤ አድማጩም ይህን ያውቀዋል። ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚሠራ ሰው ካለ ደግሞ፣ የቋንቋው መደበኛ የቀን ላይብረሪ የታይላንድን፣ የጃፓንን፣ የታይዋንንና የሂጅራን አቆጣጠር ሲይዝ የእኛን አለመያዙን፣ ለዚህም ተጨማሪ ላይብረሪ እንደሚያስፈልግ ቢነግሩት ውለታ ይሆንለታል።

ስለ ስምም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። በአንድ ኮንፈረንስ ደረቴ ላይ የምሰቅለው ካርድ የአባቴን ስም ብቻ ይዞ ወጣ፤ መድረክ መሪውም በአባቴ ስም አስተዋወቀኝ፤ አባቴ በሕይወቱ አንድ መስመር ኮድ ጽፎ አያውቅም። ንግግሬን ካርዱን ከፍ አድርጌ በማሳየት ጀመርሁ፤ አዳራሹም ሳቀ። ኋላ ግን ካርዶቹን ያተሙት ያለ ክፍያ የሚያገለግሉ ተማሪዎች መሆናቸውን ስሰማ አፈርሁ፤ በቅጹ ላይ «የቤተሰብ ስም» የሚለውን ግዴታ ያደረጉት እነርሱ አልነበሩም። የሰው ስም ምሳሌ ሲያስፈልግዎ የራስዎን ሶፍትዌር ስሕተት ያሳዩ። ያለዚያ አስተናጋጆችዎን በአደባባይ መውቀስ ይሆናል።

ወደ መድረኩ ተግባራዊ ነገሮች ስንመጣ፣ አድማጮችዎ ፊደላችንን ማንበብ አይችሉም፤ ስለዚህ በአማርኛ የተሞላ ስላይድ ለእነርሱ የግድግዳ ጌጥ ነው። በአንድ ስላይድ ላይ ከሁለት ቃል አይለፉ፤ የሚለየውን ፊደል ብቻ በቀለም ያድምቁት። «ኃይሌ» እና «ሀይሌ» ብለው ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ ለሰሚው አንድ ስም፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ጽሑፎች መሆናቸውን ያሳዩ፤ የዩኒኮድ መደበኛ ማስተካከያ (በልዩ ልዩ ኮድ የተጻፈን አንድ ፊደል ወደ አንድ የሚያመጣው) ሀን፣ ሐንና ኀን እንደማያዋሕድም ይንገሯቸው፤ ብዙዎች ያዋሕዳል ብለው ያምናሉ፤ ፍለጋቸውም ባዶ የሚመለሰው ከዚህ የተነሣ ነው። ስላይዱን በአዘጋጆቹ ኮምፒውተር ላይ የሚከፍቱት ከሆነ ፎንቱ በውስጡ የታሸገበት ፒ.ዲ.ኤፍ. ይዘው ይሂዱ፤ ፊደሎቼ ባዶ ሣጥን ሆነው የተገኙበት ቀን አለኝ፣ ከእኔ በቀር ያስተዋለም አልነበረም፤ ሰዉ ሣጥኖቹን ፊደል መስለውት ኖሮ! በቀጥታ ንግግሩን ወደ ጽሑፍ የሚያወርዱ ሰዎች ካሉ ደግሞ፣ የሚጠቀሙባቸውን ስሞችና ቃላት ዝርዝር ቀደም ብለው ይላኩላቸው።

ከንግግሩ በኋላ «ታዲያ ለምን እንደ ሌላው ዓለም አቆጣጠር አትጠቀሙም?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። አይቆጡ፤ የታሪክ ትምህርትም አይስጡ። እኔ የምመልሰው እኛ ሁለቱንም እንደምንጠቀም፣ አንድ ሰው ፓስፖርቱን በአንዱ፣ የልደት ምስክር ወረቀቱን በሌላው ይዞ እንደሚዞር፣ የሶፍትዌሩ ችግርም የሚጀምረው ሁለቱ በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ሲገናኙ መሆኑን ነው።

ስለ ቦታ ምርጫ ብዙ አልልም። መጀመሪያ በከተማዎ በሚደረግ ስብሰባ በአማርኛ ተናግረው ይሞክሩት፤ በአማርኛ ማስረዳት ያልቻሉት ክፍል በእንግሊዝኛም ጥራት እንደሌለው ያኔ ይገባዎታል። በ2019 (በፈረንጁ) በአክራ የጀመረው ፓይኮን አፍሪካ፣ የፓይተን ፕሮግራም ቋንቋ ተጠቃሚዎች ኮንፈረንስ፣ ለእንዲህ ዓይነት ርእስ ቅርብ ነው፤ በየዓመቱ በብራስልስ የሚደረገው ፎስደም፣ የነጻና ክፍት ሶፍትዌር አበልጻጊዎች ስብሰባ፣ ደግሞ መግቢያው ነጻ ከመሆኑም በላይ ንግግሮቹ ስለሚቀረጹ፣ ለሚቀጥለው ማመልከቻዎ የሚያያይዙት ማስረጃ ያገኙበታል። ሐሳብ ከማስገባትዎ በፊት ለተናጋሪ የጉዞ ድጋፍ መኖሩን በጽሑፍ ይጠይቁ። የሼንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ማስገባት ስለሚቻል፣ የተቀባይነት ደብዳቤው በደረሰዎት ሳምንት ቀጠሮ ይያዙ፤ ንግግራቸው ተቀባይነት አግኝቶ በቪዛ መዘግየት የቀሩ ሁለት ባልደረቦች አውቃለሁ።

አሁን መግለጫውን እንደ ገና ይጻፉትና እዚሁ ይለጥፉልን። ከ«አስገቢ» ይጀምሩት፤ በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ስሕተቱ ማንን ምን እንዳሳጣ፣ በሦስተኛው ደግሞ አድማጩ በራሱ ኮድ ውስጥ ምን እንደሚፈልግ ይግለጹ። እኔ በገምጋሚ ዓይን አንብቤ የማስቆረጥዎ ክፍል ካለ እነግርዎታለሁ።