«ደራሲው እኮ ፈቅደውልኝ ነበር»

ጠያቂያችን ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የጻፈልን። ስክሪፕት በመጻፍ 14 ዓመት ኖሯል። በ2009 ዓ.ም. አንድ ምናባዊ ልቦለድ ወደ ፊልም ጽሑፍ መለሰ። ፕሮዲዩሰር ተገኘ፣ 60 ሺህ ብር ቀብድ ከፈለው፣ ከዚያ ፊልሙ ሳይሠራ ቀረ። አሁን ሌላ ፕሮዲዩሰር መጥቷል። የመጀመሪያው ደግሞ «ከፍዬበታለሁ፣ ስክሪፕቱ የእኔ ነው» ብሎ አስፈራርቶታል። «ሥራዬን ለአዲሱ መሸጥ እችላለሁ ወይ?» ይላል።

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ ፕሮዲዩሰሩ ነው። ስልክ አያነሳም፣ ቦሌ ካፌ ቀጥሮህ ቀረ፣ አንተ ከቱሉ ዲምቱ ድረስ በታክሲ ተጋፍተህ ሄደህ አንድ ማኪያቶ ጠጥተህ ተመለስክ። ያናድዳል፣ ገብቶኛል። ስለ መጽሐፉ ደራሲ ግን ያለችው አንዲት መስመር ናት፦ «ጋሼ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ደስ ብሏቸው ነው የፈቀዱልኝ»። እኔን ያስደነገጠችኝ እሷ ናት።

በቅድሚያ የጠየቅከውን ልመልስ። ገንዘብ መክፈል ብቻውን የስክሪፕት ባለቤት አያደርግም። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት መብቱ የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው። ስለዚህ ዋናው ነገር የፈረምከው ወረቀት ነው። «የሆነ ነገር ፈርሜያለሁ መሰለኝ» ብለሃል። መሰለኝ አይሠራም፣ ፈልገህ አምጣው። «ቀብድ» የሚል ቃል ካለበት ደግሞ ተጠንቀቅ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 ቀብድ የሰጠው ውሉን ካልፈጸመ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈረሰ ግን እጥፉን ይመልሳል። ተናደህ ዛሬ ለአዲሱ ሰውዬ ብትሸጥለትና ውሉን ያፈረስከው አንተ ነህ ቢባል፣ 120 ሺህ ብር ልትጠየቅ ነው። ወረቀቱን ጠበቃ ሳያየው ለማንም ምንም አትፈርም።

አሁን ወደ ጋሼ እንምጣ።

መጽሐፍን ወደ ፊልም መመለስ የደራሲው መብት ነው። መጽሐፉን ስለገዛህ፣ ስለወደድከው፣ በቃልህ ስለያዝከው ወደ አንተ አይዞርም። ደራሲው ሲሞት መብቱ አብሮት አይቀበርም፤ ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል፣ ያን ጊዜ ሁሉ ደግሞ ባለቤቶቹ ወራሾቹ ናቸው። ጋሼ ሰበታ ቤታቸው በረንዳ ላይ ቡና እየጠጡ «ሥራው ልጄ፣ ይቅናህ» ማለታቸውን አምንሃለሁ። ፍርድ ቤት ግን ወረቀት ነው የሚጠይቅህ። ይህን ወጥመድ ስንት ጊዜ እንዳየሁት! የሚገቡበት ደግሞ መጥፎ ሰዎች አይደሉም። ጨዋዎቹ ናቸው። ታላቅ ሰውን «ይፈርሙልኝ» ማለት ነውር መስሏቸው፣ ይሉኝታ ይዟቸው፣ ነገ ዛሬ ሲሉ ሰውየው ያርፋል።

የድምፅ መልእክታቸው ቴሌግራም ላይ አለ ትለኝ ይሆናል። እሰየው! ዛሬውኑ ሌላ ቦታም ገልብጠህ አስቀምጠው። ወራሾቹን ለማሳመን ይረዳሃል። የጽሑፍ ፈቃድን ግን አይተካም። ደግሞስ «ይቅናህ» ማለት ምን ማለት ነው? ለስንት ዓመት? ለሲኒማ ብቻ ነው ወይስ ለቴሌቪዥን ተከታታይም? በስንት ብር? ለሌላ ፕሮዲዩሰርስ አሳልፈህ መስጠት ትችላለህ? አንዱም አልተነገረም።

ይህ ለምን ዛሬ ያሳስበኛል? አዲሱ ፕሮዲዩሰር የሚያመጣልህ ውል ውስጥ፣ መጨረሻ ገጽ አካባቢ፣ «ጸሐፊው ሥራው የማንንም መብት እንደማይነካ ያረጋግጣል» የምትል ዓረፍተ ነገር አትጠፋም። ሰው ክፍያውን አይቶ እሷን ዘሎ ይፈርማል። ከዚያ ካሜራ ይከራያል፣ የጭራቁ ልብስ ይሰፋል፣ ከፊሉ ይቀረጻል፣ ከወራሾቹ አንዱ የፍርድ ቤት እግድ ይዞ ይመጣል። ፕሮዲዩሰሩ የከሰረውን በሙሉ የሚጠይቀው ማንን ነው? አንተን፣ በራስህ ፊርማ።

«ስሞቹን ብቀይርስ?» ያልካትን ሳነብ ትንሽ አዘንኩብህ። 14 ዓመት የጻፈ ሰው እንዲህ አይጠይቅም። ሕጉ ሐሳብን አይጠብቅም፣ እውነት ነው። ጭራቅ፣ ሌሊት ጅብ የሚሆን ሰው፣ ከሐይቅ ሥር ያለ ከተማ የማንም ንብረት አይደሉም፤ አያቶቻችን ሲተርቱልን ያደግንባቸው ናቸው። አንተ ግን የወሰድከው ሐሳቡን ብቻ አይደለም። ራስህ እንደጻፍከው የታሪኩን ሂደት ከነንግግሩ ነው የወሰድከው። ስም መቀየር ያን አያጸዳውም፣ ጭራሽ መደበቅ ይመስልብሃል። በሌላ በኩል፣ አንተ የጨመርካቸው ትዕይንቶች የአንተ ናቸው፤ ወራሾቹም ሳያስፈቅዱህ አይወስዷቸውም። ስትደራደር ይህን አትርሳ።

እንግዲህ ወራሾቹን ፈልግ። የወራሽነት ማስረጃ አውጥተዋል ወይ? ካላወጡ፣ ውርስ የሚከፈተው ሟቹ ይኖሩበት በነበረው ቦታ ስለሆነ ጉዳዩ ሰበታ ባለው ፍርድ ቤት ነው የሚታየው፤ አዲስ አበባ አትመላለስ። ሁሉም ወራሾች ይፈርሙ፣ የቀረ እንዳይኖር። ውጭ አገር ያለችው ልጃቸው በኤምባሲ በኩል ውክልና ትላክ። ውሉ ላይ ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት፣ የጊዜ ገደብም ይኑረው። ረቂቁን ደግሞ እባክህ ራስህ አትጻፈው፣ ስክሪፕት አይደለም። ጠበቃ ጋ ስትሄድ የቀብዱን ወረቀት፣ የባንክ ደረሰኙን፣ የቴሌግራም ድምፁን፣ ቁምሳጥን አናት ላይ በፌስታል ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ ያልከውን የመጀመሪያ ረቂቅም ይዘህ ሂድ። ቀን የተጻፈበት ከሆነ ወርቅ ነው።

አንድ ነገር ግን አልነገርከኝም። ለቅሶ ደርሰሃል? ካልደረስክ አሁንም አልረፈደም፣ ሄደህ ቤተሰቡን አጽናና። የውሉን ረቂቅ ግን በቦርሳህ ይዘህ እንዳትሄድ፤ እሱ ለሌላ ቀን ነው።